ሁለት ተጫዋች ብቻ ይዤ ዲኤንዲ ሳጫውት ውጊያውን እንዴት እንዳስተካከልኩት

እኛ ቤት ጨዋታው ላይ የሚቀመጠው ሶስት ሰው ነው። እኔ ዲኤም ነኝ፣ ማለትም ታሪኩን የምመራውና ጭራቆቹን የምጫወተው፣ ተጫዋቾቹ ታናሽ ወንድሜና የአክስቴ ልጅ ናቸው። አራተኛ ሰው ለማምጣት ብዙ ሞክረናል፣ አንዱ ሁለት እሁድ መጥቶ ስራ ቀየረ፣ ሌላዋ ቅዳሜ ካልሆነ አልችልም አለች፣ በቃ ሁለት ተጫዋች ይዘን መቀጠል ከጀመርን ሁለት አመት ሊሞላን ነው። የምንጫወተው ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስን (ዲኤንዲን) ነው፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ባህሪ፣ ማለትም አንድ የታሪኩን ሰው፣ ይዞ በዳይስ የሚጫወትበት የጀብዱ ጨዋታ፣ አምስተኛውን እትም፣ የ2014ቱን። ይሄን የምጽፈው እንደኔ ሁለት ሰው፣ ወይ አንድ ሰው ብቻ ይዞ ለሚያጫውት ነው፣ ምክንያቱም የሚገኘው ምክር አብዛኛው አራት ተጫዋች አለህ ብሎ ነው የሚነሳው፣ እኔም ያንን ተከትዬ ነው መጀመሪያ ላይ የተበላሸብኝ።

የተበላሸው እንዲህ ነው። ሁለቱም ሁለተኛ ሌቭል (ባህሪው እየጠነከረ የሚወጣው ደረጃ) ላይ ነበሩ። ወንድሜ ፋይተር (ተዋጊ) ነው፣ ጋሻና የሰንሰለት ጥሩር ለብሷል፣ ኤሲው (እሱን ለመምታት ዳይሱ መድረስ ያለበት ቁጥር) 18፣ ኤችፒው (ሲያልቅ የሚወድቅበት የጤና ነጥብ) 20። የአክስቴ ልጅ ሮግ (ተደብቃ የምትመታ) ናት፣ ቆዳ ነው የለበሰችው፣ ኤሲዋ 14፣ ኤችፒዋ 15። ጫካ መሀል በሚያልፍ መንገድ ላይ አራት ጎብሊን (ትንንሽ ጭራቆች) ቀስት ይዘው አድፍጠው ይጠብቋቸዋል፣ ይሄ ነው ያዘጋጀሁት። ዝም ብዬም አልነበረም፣ ሂሳቡን ሰርቼ ነው። አንድ ጎብሊን 50 ኤክስፒ (ጭራቁን ለማሸነፍ የሚሰጥ፣ ክብደቱም የሚለካበት ነጥብ) ነው፣ አራቱ 200። የዲኤም መመሪያ መጽሐፉ ሁለተኛ ሌቭል ላይ ላለ አንድ ሰው መካከለኛ ውጊያ የሚለው 100 ኤክስፒ ነው፣ ለሁለት ሰው 200። ልክ ገጠመ ብዬ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ።

ኢኒሼቲቭ (ማን ቀድሞ እንደሚጫወት የሚወስነው ዳይስ) ሲጣል ጎብሊኖቹ ቀደሙ። አራት ቀስት ወረወርኩ፣ አራቱንም በሷ ላይ፣ ምክንያቱም ጋሻ የያዘውን ትቶ ቀላሉን መምታት ለጎብሊን የሚሆን ነገር ነው ብዬ። ሶስቱ አገኟት። 16 ነጥብ። ልጅቷ ገና ተራዋ ሳይደርስ ወደቀች። ወንድሜ ብቻውን ቀረ፣ ያለው ምርጫ ወይ ሮጦ ሄዶ እሷን ከሞት ማቆም ነው፣ ያኔ ደሞ የሱን ተራ ለዚያ ያወጣል፣ ጎብሊኖቹ አራት ጊዜ ይወረውሩበታል፣ ወይ ደሞ እሷን ትቶ መዋጋት ነው። ሊያድናት ሞከረ፣ ዳይሱ 6 ወጣ፣ አልበቃም። አምስተኛው ዙር ላይ እሱም ወደቀ። ጠረጴዛው ላይ ዝምታ ሆነ፣ ቡናው ቀዝቅዟል፣ የአክስቴ ልጅ የባህሪዋን ወረቀት ቀስ ብላ ሁለት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሶስት ሳምንት የሰራችው ታሪክ ያለው ባህሪ ነበር። ያ ወረቀት ሲታጠፍ ያየሁትን እስካሁን አልረሳውም፣ እውነቱን ለመናገር ስለዚህ ነገር በደንብ ማንበብ የጀመርኩት በዚያ ምክንያት ነው። በሚቀጥለው እሁድ ይቅርታ ጠይቄ ውጊያውን እንዳልነበረ አድርገን ከመንገዱ መጀመሪያ ጀመርን።

ስህተቱ ምን ነበር፣ መጽሐፉ ላይ ማባዣ የሚባል ነገር አለ፣ እኔ ዘልዬው ነው። ጭራቁ ሁለት ከሆነ ጠቅላላው ኤክስፒ በ1.5 ይባዛል፣ ከሶስት እስከ ስድስት ከሆነ በ2፣ ከሰባት እስከ አስር በ2.5 እያለ ይሄዳል። ከሱ በታች ደሞ ሰው የማያየው አንድ አረፍተ ነገር አለ፣ ተጫዋቾቹ ከሶስት በታች ከሆኑ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ማባዣ ተጠቀም ይላል። ስለዚህ ለኛ አራት ጎብሊን በ2 ሳይሆን በ2.5 ነው የሚባዛው፣ 200 ሲባዛ 500 ይሆናል። ለሁለት ሁለተኛ ሌቭል ሰው ደሞ ገዳይ የሚባለው መስመር 400 ነው። መካከለኛ ብዬ ያመጣሁት ነገር ከገዳይም በላይ ነበር ማለት ነው። አንድ ጭራቅ ብቻ እንኳን ብታመጣ ለሁለት ሰው በ1.5 ይባዛል፣ ይሄን ያዙት።

በ2024 የወጣውን አዲሱን የዲኤም መጽሐፍ የምትጠቀሙ ከሆነ ደሞ ተጠንቀቁ፣ እዚያ ማባዣው የለም። በአዲሱ ሂሳብ ሁለተኛ ሌቭል ላይ ዝቅተኛ ለሚባል ውጊያ በሰው 100 ነው፣ ለሁለት 200፣ ማለትም ያ እኛን የጨረሰን አራት ጎብሊን ዝቅተኛ ውስጥ ነው የሚገባው። አዲሱ ሂሳብ ለማስላት ይቀላል፣ ለአራትና ለአምስት ሰው ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ለሁለት ሰው ግን እኔ የድሮውን ማባዣ አልተውም።

ግን ማባዣው ብቻውን አያድንም። ማባዣው ውስጥ ያለውን ምክንያት መረዳት ነው ዋናው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ፣ ውጊያ ላይም እንደዛ ነው፣ የሚቆጠረው ኤችፒ ሳይሆን ተራ ነው። በአንድ ዙር ውስጥ እነሱ ስንት ጊዜ ያደርጋሉ፣ እኛ ስንት ጊዜ እናደርጋለን። አራት ሆናችሁ አንድ ሰው ቢወድቅ ሶስት ተራ አላችሁ፣ አንዱ ያነሳዋል ሁለቱ ይዋጋሉ። ሁለት ሆናችሁ አንዱ ሲወድቅ ግማሹ ሄደ፣ የቀረው ግማሽ ደሞ የወደቀውን ላንሳ ካለ የሚዋጋ ሰው የለም፣ ባዶ ነው። ለዚህ ነው በትንሽ ቡድን ውጊያው ቀስ እያለ የማይከብደው፣ ደህና እየሄደ ነው ስትል በአንድ ዙር ይገለበጣል።

ስለዚህ አሁን መጀመሪያ የማየው ኤክስፒውን ሳይሆን ተራውን ነው። አንደኛና ሁለተኛ ሌቭል ላይ በአንድ ጊዜ ሜዳው ላይ ያለው ጭራቅ ከተጫዋቹ ቁጥር አይበልጥም፣ ሁለት ከሆኑ ሁለት ነው። ከሶስተኛ ሌቭል ጀምሮ አንድ እጨምራለሁ። ሁለተኛ የማየው ደሞ የጭራቁን ትልቁን ምት ነው፣ አማካዩን ሳይሆን ትልቁን፣ ኤችፒው ሙሉ የሆነ ሰውን በአንድ ምት የሚጥል ጭራቅ አላመጣም። ለምሳሌ ሶስተኛ ሌቭል ሲደርሱ አንድ ኦገር (ግዙፍ ጭራቅ) አመጣሁ። ኦገር 59 ኤችፒ አለው፣ ዱላው 2ዲ8 (ሁለት ባለስምንት ዳይስ) ሲደመር 4 ነው፣ ትልቁ 20። የአክስቴ ልጅ ያኔ 21 ኤችፒ ነበራት። በመጽሐፉ ሂሳብ 450 ሲባዛ በ1.5 ስለሆነ 675 ነው፣ ለሁለት ሶስተኛ ሌቭል ሰው ከባድ የሚባለው ከ450 ይጀምራል፣ ገዳዩ 800 ነው፣ ከባድ ውስጥ ነው። ግን ከጎብሊኖቹ ጋር የሚወዳደር አልነበረም፣ ምክንያቱም እሱ አንድ ተራ ነው ያለው እነሱ ሁለት፣ ኤሲውም 11 ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ያገኙታል። ድልድይ ነበር፣ ወንድሜ ጫፉ ላይ ቆሞ ጋሻውን ይዞ ያስቸግረዋል፣ እሷ ከድንጋይ ኋላ እየወጣች ትወጋዋለች፣ አራት ዙር ፈጅቶ ወደቀ፣ ወንድሜ 5 ኤችፒ ቀርቶት ነበር። ሁለቱም ቆመው ነው የጮሁት፣ እናታችን ምን ሆናችሁ ብላ ከጓዳ መጣች። ክሪት (የጉዳቱ ዳይስ እጥፍ የሚሆንበት ምት) ቢወጣ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር፣ እሱን አውቄ ነው የገባሁት፣ ግን ክሪት የዳይሱ ነገር ነው፣ ተጫዋቹም ይቀበለዋል።

አሁን ደሞ ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር፣ ተራ የሚበሉ ጭራቆች። እዛው ሶስተኛ ሌቭል ላይ መቃብር ውስጥ አንድ ጉል (ሬሳ የሚበላ ጭራቅ) አስቀመጥኩ። አንድ ብቻ። በትክክለኛው ሂሳብ 200 ሲባዛ በ1.5፣ 300፣ ለሁለት ሶስተኛ ሌቭል ሰው መካከለኛ። አሁን ሂሳቡን በደንብ ሰርቻለሁ ብያለሁ። ጉል በጥፍሩ ካገኘህ የኮንስቲቱሽን ሴቪንግ ስሮው (ሰውነትህ ይቋቋመው እንደሆነ የሚወስን ዳይስ) ትጥላለህ፣ 10 ካልሞላህ ሽባ ትሆናለህ፣ በየተራህ መጨረሻ ላይ ደግመህ ትጥላለህ፣ እስከ አንድ ደቂቃ። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ዙር ላይ ተመታች፣ 5 ወጣላት። በቀጣዩ 7። ከዚያ 4። ከዚያ 8። ሽባ የሆነን ሰው ደሞ በቅርብ ካገኘኸው ምቱ ክሪት ነው። ሞታ ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር ማለት ይቻላል፣ አልሞተችም፣ ወንድሜ በስንት መከራ ገደለው፣ ግን ውጊያው ሲያልቅ አንድም ነገር ሳታደርግ ነው ያለቀው። አገጯን እጇ ላይ አድርጋ ዳይሱን በአንድ ጣት ታንከባልላለች፣ እኔ ተራሽ ነው ስላት "ጣልኩ፣ አልሞላም" ብላ ትመልሳለች። ወንድሜ መጨረሻ ላይ "እኔ ብቻዬን እየተጫወትኩ ነው እኮ" አለኝ፣ ልክ ነበር። አምስት ሰው ያለበት ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው ሽባ ሲሆን የቀሩት ያወራሉ፣ ያቅዳሉ፣ ይስቃሉ። ሁለት ሰው ባለበት ጨዋታው ራሱ ነው የሚቆመው።

ስለዚህ ሽባ የሚያደርግ፣ የሚያስፈዝዝ፣ የሚያስተኛ፣ በአስማት የሚይዝ ነገር ሁሉ እኛ ጋ ተቀይሯል። የተያዘው ሰው በተራው ከሁለት አንዱን ይመርጣል፣ ወይ ይንቀሳቀሳል ወይ ያጠቃል፣ ሁለቱንም አያደርግም፣ በቅርብ ሲመታም ምቱ በራሱ ክሪት አይሆንም። ያስፈራል፣ ይጎዳል፣ ግን ምርጫ አለው። ተጫዋቾቼ አስማት ሲጠቀሙ ግን ህጉን እንዳለ ትቼላቸዋለሁ፣ ጭራቅ ሽባ ቢሆን የሚሰለቸው ሰው የለም።

የጭራቅ ብዛት የግድ ሲያስፈልግ፣ የሽፍቶች ሰፈር ነው እንበል፣ ሁለት ሽፍታ ብቻ ነው ማለት ያስቃል፣ ያኔ በየተራ ነው የማስገባቸው። አንድ መጋዘን ነበር፣ ውስጡ አምስት ሽፍታ። በር ላይ ሁለት፣ ደወል ከተደወለ በሶስተኛው ዙር ሁለት ከኋላ ይመጣሉ፣ አለቃቸው መጨረሻ ላይ። የደወሉን ገመድ መጀመሪያ ስገልጸው በግልጽ ነገርኳቸው፣ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚጠጋው። የአክስቴ ልጅ ምንም ሳትዋጋ በመጀመሪያ ተራዋ ሮጣ ገመዱን ቆረጠችው። ከዚያ በኋላ አምስቱን በሁለትና በሶስት ከፋፍለው ጨረሷቸው። ይሄን ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም ውጊያውን ያቀለልኩላቸው እኔ አይደለሁም፣ ራሷ ናት።

ይሄን የምለው ለምን መሰላችሁ፣ ከዚያ በፊት ሌላ መጥፎ ልማድ ነበረኝ። ውጊያው ሲከብዳቸው የጭራቁን ኤችፒ ከስክሪኑ (ዲኤሙ ዳይሱንና ማስታወሻውን የሚከልልበት) ኋላ እቀንስ ነበር። አንድ ቀን 30 ኤችፒ የቀረውን ነገር ወንድሜ 9 መታው፣ "ወደቀ" አልኩ። የአክስቴ ልጅ ቀና ብላ አየችኝና "አንተ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ሞቶ ነው ወይስ አዝነህልን ነው?" አለችኝ። ዋሽቼ ሞቷል አልኩ፣ ግን አላመነችኝም፣ ከዚያ በኋላ የነበሩት ሁለት ውጊያዎች ላይ ሲያሸንፉም ደስታው የለም። አሁን ስክሪኑን አንስቼዋለሁ፣ ዳይሱን ፊታቸው ነው የምጥለው። ማስተካከያው በሙሉ ከጨዋታው በፊት ወረቀት ላይ ያልቃል፣ እሁድ ላይ የሚሆነው ይሆናል።

ጭራቁ እስኪሞት መዋጋቱም መቅረት ያለበት ነገር ነው። በ1981 የወጣው የዲኤንዲ የድሮው ቤዚክ ህግ ላይ ሞራል የሚባል ቁጥር አለ፣ ለእያንዳንዱ ጭራቅ ከ2 እስከ 12 ይሰጠዋል፣ ጎብሊን 7 ነው። ከነሱ የመጀመሪያው ሲሞት አንዴ፣ ግማሾቹ ሲወድቁ ደግሞ አንዴ ሁለት ባለስድስት ዳይስ ትጥላለህ፣ ከሞራሉ ከበለጠ ይሸሻሉ ወይ እጅ ይሰጣሉ። እኔ ይሄን እንዳለ ነው ያመጣሁት፣ ከአምስተኛው እትም ጋር ምንም አይጣላም። ለጎብሊን ከአስር አራት ጊዜ ገደማ ይሰራል። ለትንሽ ቡድን በጣም ይጠቅማል፣ ሁለት ሰው አራቱንም መግደል ሳይሆን አንዱን ቶሎ መግደል ነው የሚጠበቅበት፣ ያ ደሞ ይቻላል። የሸሸው ጎብሊን በሌላ ቀን ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፣ ታሪክም ይሆናል።

ሶስተኛ ሰው ስለመጨመር። መጀመሪያ እኔው የምጫወተው ቄስ ባህሪ ሰጠኋቸው፣ ፈዋሽ የለንም ስላሉ። ይሄን አታድርጉት። ዲኤሙ ራሱ ጭራቁንም ጓደኛውንም ሲጫወት ከራሱ ጋር እያወራ ነው፣ እነሱ ያያሉ። የተሻለው ሳይድኪክ (ረዳት ባህሪ) የሚባለው ነው፣ በ2019 በወጣው የጀማሪዎች ሳጥን ላይ የመጣ፣ በ2020 ደሞ የሰፋ። ተዋጊ፣ ባለሙያ፣ አስማተኛ የሚባሉ ሶስት አይነቶች አሉት፣ ህጉ ከሙሉ ባህሪ በጣም ይቀላል። ዋናው ነገር ግን ተጫዋቹ እጅ ላይ መሆኑ ነው። የኛዋ ፈውስ የምታውቅ አንዲት በቅሎ ነጂ ናት፣ ውጊያ ላይ ወንድሜ ነው የሚያንቀሳቅሳት፣ እኔ የማወራላት ሰፈር ሲቀመጡ ብቻ ነው። ይሄ አንድ ተጨማሪ ተራ ማለት ነው፣ ከምንም ነገር በላይ ደሞ የወደቀን ሰው የሚያነሳ ሌላ እጅ።

ሳይድኪክ ካልፈለጋችሁ ቢያንስ የፈውስ መድሃኒቱን ነገር አስተካክሉ። መድሃኒቱ 2ዲ4 ሲደመር 2 ነው የሚመልሰው፣ በ2014ቱ ህግ መጠጣት ሙሉ አክሽን (የተራውን ዋና ድርጊት) ይበላል፣ ማለትም ሁለት ሰው ሆናችሁ አንዱ ሲጠጣ የሚዋጋው ግማሽ ነው። የ2024ቱ ህግ ቦነስ አክሽን (ከዋናው በተጨማሪ የሚደረግ ትንሽ ድርጊት) አድርጎታል፣ እኛ ቀድመን እንደዛ ነበር የምንጫወተው። ዋጋው 50 ወርቅ ነው፣ እኔ ግን በየጀብዱው መጀመሪያ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት እሰጣለሁ።

መሸነፍ ሞት እንዳይሆንም ቀድሞ መነጋገር ጥሩ ነው። እኛ ከጎብሊኖቹ በኋላ ቁጭ ብለን ተነጋገርን፣ ሁለቱም ከወደቁ ካልተስማማን በስተቀር አይሞቱም፣ ግን የሆነ ነገር ያጣሉ። አንዴ ሽፍቶች ጣሏቸው፣ ሲነቁ ጫማቸውም በቅሎዋም የለችም። ያቺን በቅሎ ለማስመለስ አራት እሁድ ፈጀባቸው፣ ከዚያ በፊት ካዘጋጀሁት ታሪክ ሁሉ የበለጠ የተጫወቱት እሱን ነው። ይሄ ግን ሌላውን ማስተካከያ አይተካም፣ በየሁለት ሳምንቱ ከተሸነፉ ጫማ መቀማቱም ይሰለቻል።

የቀን ውጊያ ብዛትን በተመለከተ መጽሐፉ ሙሉ እረፍት እስኪደረግ ከስድስት እስከ ስምንት መካከለኛ ወይ ከባድ ውጊያ ይላል፣ ሁለት ሰው ለዚያ የሚበቃ ኤችፒ የለውም፣ እኛ ሶስት ነው የምናደርገው፣ በየመሀሉ ሾርት ረስት (አጭር እረፍት)። አንድ ጥሩ ነገር ግን አለ፣ ሁለት ሰው ሲሆኑ ተራው ቶሎ ነው የሚዞረው፣ አንድ ውጊያ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው፣ ስለዚህ አንድ ትልቅ ከማዘጋጀት ሶስት ትንንሽ ማዘጋጀት ይሻላል።

አንድ ተጫዋች ብቻ ላላችሁ የምላችሁ፣ ወንድሜ ፈተና ላይ በነበረ ጊዜ ከአክስቴ ልጅ ጋር ለብቻችን አምስት እሁድ ተጫውተናል። ሳይድኪክ ግዴታ ነው፣ አንዱ ተዋጊ ቢሆን ጥሩ ነው። ሌቭሏን ከታሪኩ ሁለት ከፍ አድርጌ ነው ያስጀመርኳት። እያንዳንዱ ክፍል ሳይዋጉ የሚታለፍበት ቢያንስ አንድ መንገድ ነበረው፣ መስኮት፣ ጉቦ፣ የተኛ ጠባቂ፣ እሷም ከአስራ አንዱ ክፍል ሰባቱን ሰይፍ ሳትመዝ ነው ያለፈችው። በቀሩት አራት ላይ በአንድ ጊዜ ሜዳው ላይ ከሁለት ጭራቅ በላይ አላቆምኩም፣ አንዴ ብቻ ነው የወደቀችው፣ ያኔም በቅሎ ነጂዋ ጎትታ በመስኮቱ አወጣቻት።